ነጭ ሴሎቹን የሚቆጥረው አሰፋ

ከአሰፋ ጋር በመጨረሻ አብረን የሠራነው ሥራ ቡና ከዝናብ ማስገባት ነበር። እሑድ ጠዋት ነው። ከጓሮ የለቀምነውን ጀንፈል ግቢው ውስጥ ሸራ ላይ አስጥተነዋል። እኛ ሚዛን ከተማ ዝናብ ቀጠሮ አያከብርም፤ ፀሐይዋ ጀርባችንን እያሞቀች ሳለ ከጫካው በኩል ድምፁ መጣ። እሱ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው የሸራውን ጫፍ ይዘን ቡናውን ወደ መሀል ሰበሰብነውና እየጎተትን ወደ በረንዳው ሮጥን። ሮጥን ስል እሱ ሃምሳ ስምንት፣ እኔ ሃምሳ አንድ ዓመታችን ነበር። በረንዳው ላይ ስንደርስ ሁለታችንም እናለከልካለን።

«ክኒንህን ወስደሃል?» አልኩት።

«ወስጃለሁ።»

«መቼ?»

«ቅድም፣ አንቺ ሸራውን ስትዘረጊ።»

«እስቲ አፍህን ክፈት።»

ከፈተ። ምላሱን አንስቶ ከሥሩም አሳየኝ። ከዚያ «ሌላ ምን ልክፈትልሽ?» ብሎ ሳቀና የራሰ ኮፍያውን አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ቦታው፣ ማይክሮስኮፑ ፊት ወደቀ። ሐሙስ ሞተ።

እዚህ ድረስ ጽፌ ተነሳሁ። ምንም የሚሠራ ነገር ሳይኖር ጓዳ ገብቼ ወጣሁ። ኮፍያው ዛሬም ሚስማሩ ላይ ነው።

አሰፋ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበር። አገሩ ጎንደር ነው። መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ቱም የምትባል የገጠር ከተማ፣ ከዚያ ከሚዛን አጠገብ አማን ወደ እኛ ጤና ጣቢያ ተመደበ። እኔ ማሻ ተወልጄ ያደግሁ፣ ካርድ ክፍል የምሠራ ሴት ነበርኩ። በሽተኛ ሲመጣ ካርዱን ከመደርደሪያ አውጥቶ መስጠት፣ ሲጨርስ ቦታው መመለስ ነው ሥራዬ፤ ዛሬም እሱው ነው። መጀመሪያ ያየሁት ጣቶቹን ነበር። ደም የሚቀባበትን መስታወት፣ ስላይዱን፣ የሚያቀልሙበት ነገር አለ፤ የሱ ጣቶች በዚያ ቀለም ሁልጊዜ ወይን ጠጅ ነበሩ። በሠርጋችን ዕለት በሎሚም በአመድም አሽተው አልለቅ ብሏቸው፣ ሚዜዎቹ «ሙሽራው ቀለም ሲሰርቅ ተይዞ ነው» እያሉ ሲስቁበት ዋሉ።

ሌላው የማልረሳው አውራ ጣቱን ነው። ወባ ያለበት ደም ላይ ተባዮቹን ለመቁጠር ከጎናቸው ነጭ የደም ሴሎችን መቁጠር ያስፈልጋል፤ ሁለት መቶ ነጭ እስኪሞላ ድረስ። ለዚህ በአውራ ጣት እየተጫኑ የሚቆጥሩበት መዳፍ የምታህል መሣሪያ አለችው። ከብዙ ዓመት በኋላ አውራ ጣቱ መሣሪያዋ ሳትኖርም መጫኑን ለመደ። ቤተ ክርስቲያን ቆሞ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ፣ ከእኔ ጋር ተኳርፎም፣ ሲያስብ አውራ ጣቱ አየሩን ይጫናል። ስንጣላ ፊቱን ሳይሆን ጣቱን ነበር የማየው። መጫን ካቆመ ንዴቱ በርዷል ማለት ነው።

ነጭ ሴሎቹን «ዘበኞቹ» ይላቸው ነበር። መርፌ ፈርቶ የሚያለቅስ ልጅ ሲመጣ «አታልቅስ፤ ዘበኞችህን ልቆጥርልህ ነው፤ ያንቀላፋ ካለ ስሙን እጽፈዋለሁ» ይላል። ልጆቹ ዝም ይላሉ። አንዳንዱም በሳምንቱ ተመልሶ መጥቶ «ዘበኞቼ እንዴት ናቸው?» ይለዋል።

አንድ አባባል ነበረው፤ «ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ያላየሁትን አልጽፍም።» አንድ ቀን ከከተማው ሹሞች አንዱ መጣ። ታይፎይድ ነው የሚል ወረቀት ለዕረፍት ፈቃድ ፈልጎ ነው። አሰፋ ደሙን አይቶ ምንም የለም አለ።

«እኔ ራሴን አውቀዋለሁ። ታይፎይድ ነው» አለ ሰውየው።

«ራስዎን ያውቁ ይሆናል» አለው አሰፋ፣ «ከደምዎ ጋር ግን እኔ አሁን ተነጋግሬ መምጣቴ ነው።»

«ብትጽፈው ምን ትሆናለህ?»

«ምንም አልሆንም። ነገ እርስዎ ልጅዎን ይዘው ይመጣሉ፤ የለበትም እልዎታለሁ፤ እንዴት ብለው ያምኑኛል?»

ሰውየው ተቆጥቶ ወጣ። ወር ሳይሞላ በእርግጥም ልጁን ታቅፎ መጣና የአሰፋን በር ነው ያንኳኳው። ሰው ሁሉ እንዲህ ያምነው ነበር። ከሸኮ፣ ከቤንች ገጠር በእግር የሚመጡ እናቶች የሚያውቁት የሐኪሙን ስም አይደለም፤ «ባለቀለሙ ይየው» ነው የሚሉት። ዶክተር ብለው ሲጠሩት «ዶክተር አይደለሁም፤ ዓይን ነኝ» ይላቸዋል። እኔም ኮራሁበት። ይህ ኩራት ኋላ የት እንዳደረሰን ሳስብ መቀመጥ ያቅተኛል።

አንድ ጠዋት ሲስተር ብርቄ፣ የረጅም ጊዜ ነርሳችን፣ በሽተኛ እስኪመጣ የሠራተኛውን ሁሉ የደም ግፊት ተራ በተራ ለካች። የአሰፋ መቶ ሰማንያ በመቶ አሥር ሆነ። እንደገና ለካች፤ ያው ነው።

«ጋሽ አሰፋ፣ እርስዎ ቆመው የሚሄዱት በምንድን ነው?» አለችው።

«በእግሬ።»

«ቀልዱን ይተዉት። ከዛሬ ጀምሮ ክኒን ነው። ካርድ ያውጡ።»

ካርዱን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ካርድ ሲሞላ የኖረ ሰው የራሱ ካርድ ላይ ስሙ ብቻ ነበር።

ክኒኑን ለጥቂት ሳምንት ዋጠ። ከዚያ ማጉረምረም ጀመረ። ክኒኑ ሽንት ያመላልሳል፤ እሱ ደግሞ መቶ ሃምሳኛው ነጭ ላይ ደርሶ መነሳት አለበት፤ ሲመለስ ከአንድ ይጀምራል። «ይህ ክኒን እኔን አላወቀኝም» ይል ነበር። «አያመኝ፣ አይቆረጥመኝ። ምኑን ነው የሚያክመው?»

በዚያው ሰሞን ለጤና ባለሙያዎች ሥልጠና ተባለና ሦስት ቀን ሄደ። ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ነው ያናገረኝ።

«ዘነበች፣ ዘበኞቹ ናቸው።»

«እነማን?»

«ግፊቱን የሚያመጡት። ነጮቹ ናቸው። ናሆም የሚባል ወጣት ዶክተር ነው ያስተማረን። ግፊት የልብና የኩላሊት ጉዳይ ብቻ አይደለም አለ። ዘበኞቹም እጃቸው አለበት። እነዚያ ሴሎች ሳይኖሯቸው የተወለዱ አይጦች አሉ፤ ሌላውን አይጥ ግፊት የሚያስይዘውን ነገር ቢሰጧቸው የነሱ እንደዚያ አይወጣም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዓይኔ ሳያቸው ኖሬ ማንም አልነገረኝም።»

«እንዴት አድርገው ነው የሚያመጡት?»

«ጠላት ሳይመጣ ይቆጣሉ። ኩላሊት ውስጥ፣ የደም ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ይቆጣሉ። ቧንቧው ይደነድናል፤ ኩላሊቱ ጨው አልለቅም ይላል። ደግሞ ጨው ራሱ ያነሳሳቸዋል።»

ጨው ሲል እጄ ላይ ያለውን ሲኒ አየሁት። ማሻ ያደግሁበት ቤት ቡናም ሆነ የቡና ቅጠል የሚፈላው በጨው ነው። አሰፋ ሲመጣ በስኳር ነበር የሚጠጣው፤ በጨው ያስለመድኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሱ ሲኒ ያለ ጨው ሆነ። ሳያጉረመርም ተወው። እኔም ሰውየው ለነፍሱ ጠንክሯል ብዬ ተደሰትኩ።

ከዚያ መቁጠር ጀመረ። ዘወትር ዓርብ በምሳ ሰዓት የራሱን ጣት ወግቶ፣ ደሙን መስመር በተሰመረበት መስታወት ላይ አድርጎ ነጮቹን ይቆጥራል። ካሬ ደብተር ገዝቶ ይጽፋል። ማታ ራት ላይ ደብተሩን ይገልጥልኛል።

«ሰላም ናቸው» ይላል። «ልካቸው ላይ ናቸው። አልተቆጡም።»

«ሲስተር ብርቄስ ለካችህ?»

«ብርቄ የምትለካው ጩኸቱን ነው። እኔ ጯሂዎቹን ራሳቸውን ነው የምቆጥረው።»

ነገሩ ደስ ይል ነበር። ዓርብን መጠበቅ ጀመርኩ፤ «ሰላም ናቸው» ሲል ራቱ ይጥመኛል።

አንድ ቀን የክር መርፌ ጠፋብኝ። አሰፋ ከሥራ ቦታ ተጥሎ ያመጣው የእንጨት የስላይድ ሳጥን አለው፤ አዝራርና ምላጭ ያስቀምጥበታል። ከፈትኩት። ክኒኖቹ ስላይዶቹ በሚቆሙባቸው ስንጥቆች ውስጥ፣ እንደ ታሸጉ፣ በሥርዓት ተሰድረዋል። የአራት ወር ነው። ወር በወር ከመድኃኒት ክፍል ይወስዳል፤ ሰው እንዳይጠረጥር። ቤት አምጥቶ ይሰድራል።

ማታ ሲገባ ሳጥኑን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አቆየሁት። አየው። ኮፍያውን አላወለቀም።

«ዘበኞቹ ሰላም ከሆኑ ክኒኑ ማንን ነው የሚያባርረው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ብርቄ ታውቃለች?»

«አታውቅም። አንቺም አትነግሪያትም።»

«ለምን አልነግራትም?»

«የካርድ ክፍል ሰው አይደለሽም እንዴ? የሰው ሚስጥር መቼ አውጥተሽ ታውቂያለሽ?»

ይህ እውነት ነው። እኛ ዘንድ የካርድ ክፍል ሰው አፍ የለውም። ማን ምን እንዳለበት እናውቃለን፤ ገበያ ላይ ስንገናኝ እንደማናውቅ ሆነን ሰላም እንላለን። ይህን ደንብ አንድም ቀን አላፈረስኩም። ነገር ግን ለብርቄ መንገር ገበያ ላይ መንገር አይደለም፤ የምታክመው እሷ ናት። የሱን ካርድ አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ ባስቀምጥ፣ አንድም ቃል ሳልናገር ጠርታ ትለካው ነበር። መደርደሪያው ከወንበሬ አራት እርምጃ ነው። በቀን ስንቱን ካርድ ሳወጣና ስመልስ የሱን አልነካሁም። ሚስጥር መጠበቅ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚያምነው አሰፋ ክኒን ይደብቃል ሲባል መስማት ፈራሁ። «ባለቀለሙ» እንዲህ ሲሆን ማየት አልፈለግሁም። ሁለት ወር ዝም አልኩ። በየቀኑ እጠይቀዋለሁ፤ በየቀኑ ይስቃል፤ ዓርብ ዓርብ «ሰላም ናቸው» ይላል። ራቱ ግን መጣሙን ተወ።

ዝምታውን የሰበረው እሱ ራሱ ነው። አንድ ሐሙስ ከሥራ ፊቱ ጠቁሮ ገባ።

«አንድ ስላይድ ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ሁለት ቁጥር መጣብኝ» አለ። «ተቀራራቢ አይደለም። የማይገናኝ ቁጥር። ጠርዙ ላይ ጭጋግ ነበር።»

«ስላይዱ ላይ?»

«ዓይኔ ላይ።»

እንዲህ ሲፈራ አይቼው አላውቅም። ጣቱ አየሩን ቶሎ ቶሎ ይጫናል። «ነገ ደብተርህን ይዘን ሆስፒታል ሄደን ያን ያስተማረህን ዶክተር እንጠይቀው» አልኩት። «ልክ ነህ ካለህ ሁለተኛ ስለ ክኒን አላነሳብህም።» እሺ አለ። እሺ ያለው ልክ እንደሆነ እርግጠኛ ስለነበረ ነው።

ዶክተር ናሆም ልጃችን ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። ደብተሩን ሲቀበል ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ነው። አልሳቀበትም። ገጽ በገጽ፣ ዓርብ በዓርብ አየው።

«ጋሽ አሰፋ፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ አቆጣጠር አይቼ አላውቅም» አለ። «ግን የቆጠሯቸው እነማን እንደሆኑ ልጠይቅዎት?»

«የደሜን ነጮች ነዋ።»

«በጣትዎ በኩል ሲያልፉ ያገኟቸውን። መንገድ ላይ ያሉትን ማለት ነው። እኔ ያን ቀን የነገርኳችሁ መንገዱን ለቀው ቤት ስለገቡት ነው። ኩላሊቱ ውስጥ፣ ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ያሉትን የጣት ደም አያሳይም። መንገዱ ሰላም ሆኖ ቤቱ ሊቃጠል ይችላል።»

አሰፋ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያየው ነበር፤ ማይክሮስኮፕ እንደሚያይ።

«ደግሞ እነሱን ቆጥሮ ግፊት የሚያክም ሐኪም የትም የለም። ነገሩ ሰው ላይ ገና እየተጠና ነው። እኛ የምናውቀው መለኪያ ክንድ ላይ የሚታሰረው ነው። የምናውቀው መድኃኒት ክኒኑ ነው። ይህንንም ያን ቀን ተናግሬ ነበር።»

«ተናግረዋል» አለ አሰፋ። «እኔ አልጻፍኩትም።»

ዶክተሩ ክንዱን አስሮ ለካ። ቁጥሩን ጮክ ብሎ አልተናገረም፤ ወረቀት ላይ ጽፎ ወደሱ ገፋለት። አሰፋ ቁጥሩን አይቶ ወረቀቱን አጠፈና ኪሱ ከተተው። ዶክተሩ አዲስ ክኒን አዘዘለት፤ ሽንት የማያመላልስ መርጦ። እዚያው ውኃ ተቀብሎ የመጀመሪያውን ዋጠ። ስንወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ «ሠላሳ ዓመት፣ ዘነበች» አለኝ። «ሠላሳ ዓመት መንገደኛ ስቆጥር።»

«የወባው ስላይድ ግን ልክ ነበር» አልኩት።

«የወባው ልክ ነው» አለ። ትንሽ ከሄድን በኋላ ደግሞ «የወባው ልክ ነው» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ቀን አላስተጓጎለም። ለሲስተር ብርቄ ራሱ ሄዶ ነገራት። ፊቷን አጥቁራ አዳመጠችውና «ጋሽ አሰፋ፣ ከእርስዎ ስላይድ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ብደብቅ ምን ይሉኝ ነበር?» አለችው። «አባርርሽ ነበር» አላት። በሚቀጥለው ዓርብ ለካችው፤ ጥቂት ወርዷል። ምላሱን የሚያሳየኝ ከዚህ በኋላ የመጣ ጨዋታ ነው፤ ራሱ ነው የጀመረው፣ እኔ ለምጄው መጠየቅ ቀጠልኩ። ቡናውን ከዝናብ ያስገባንበት እሑድ አዲሱን ክኒን በጀመረ አሥረኛ ቀኑ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ካርድ ክፍል ሆኜ ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ። ስደርስ መሬት ላይ ነበር። አፉ ወደ አንድ ጎን ሄዷል፤ ዓይኑ ግን ያየኛል። ቀኝ እጁን ያዝኩት። አውራ ጣቱን ጠበቅሁት። ሆስፒታልም ሁለት ቀን አጠገቡ ተቀምጬ ጣቱን ጠበቅሁት፤ አንዴ ቢጫን ብዬ። አልተጫነም። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል አሉን።

ለቅሶ ላይ ዶክተር ናሆም መጣ። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ሲቀመጥ ጠየቅሁት። «ከሁለት ወር በፊት ብናገር ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

«ቧንቧው የሚጎዳው በአንድ ቀን አይደለም፣ እትዬ ዘነበች። ብዙ ዓመት ነው የሚፈጀው። አላውቅም።»

ይተርፍ ነበር አላለም። አይተርፍም ነበርም አላለም። ያላየውን አልጻፈም። ስላልዋሸኝ አመሰግነዋለሁ፤ ግን እንቅልፍ አልሰጠኝም። ሌሊት ብቻ አይደለም፤ ቀንም ቢሆን አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። ቡና ለማስጣት እወጣለሁ፤ ሸራውን አንድ ሰው ብቻውን ሊጎትተው እንደማይችል ሳስታውስ እመለሳለሁ።

የማርያም ሥዕል ካለበት ሥር ደብተሩን አስቀምጬዋለሁ። አርባው ካለፈ በኋላ ነው የገለጥኩት። ዓርብ ዓርቡ ሁሉ ቁጥር አለው፤ ከቁጥሩ አጠገብ በትናንሽ ፊደል «ሰላም ናቸው» ይላል። የመጨረሻው ገጽ፣ ብርቄ ዘንድ ሄዶ የተለካበት ዓርብ ነው። ቁጥር የለውም። «ዛሬ አልቆጠርኩም። ክኒኑን ወስጃለሁ። ያላየኋቸው አሉ» ይላል። ያላየውን ሲጽፍ የመጀመሪያው ነው።

የክኒኑ ማሸጊያ ደብተሩ ውስጥ ነው። አሥራ ሁለቱ ተገፍተው ወጥተዋል፤ የቀሩት በየቦታቸው አሉ። የስላይድ ሳጥኑን ለሲስተር ብርቄ ወስጄ ከነክኒኑ ሰጠኋት። ስለ ሁለቱ ወር ዝምታዬም ነገርኳት። እሷም ሳጥኑን መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችውና «ሻይ ጠጪ» አለችኝ።

ሚዛንና አማን ሁለት ከተማ ሳሉ የጀመርኩት ሥራ ላይ አሁንም አለሁ። ዛሬ ሁለቱ አንድ ከተማ ተብለዋል፤ የካርድ መደርደሪያው ግን ያው ከወንበሬ አራት እርምጃ ነው። ዘወትር ዓርብ በምሳ ሰዓት የግፊት በሽተኞችን ካርድ አንድ በአንድ አያለሁ፤ በቀጠሮው ቀን ያልመጣውን ሰው ካርድ አውጥቼ ሲስተር ብርቄ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ።